ያለ ቀለም ያየሁት ስፒንድል መሃሉ ለምን ጨለመ?

ሳሮን_ላብ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዜብራፊሽ ሽል ገና ጥቂት ሴል እያለ፣ ቀለም ሳልጨምር ስፒንድሉን (ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትተውን የክር መዋቅር) በሁለተኛ ሃርሞኒክ እያየሁ ነው፤ ማለትም ሁለት የሌዘር ብርሃን ቅንጣቶች ተዋህደው የሞገድ ርዝመቱ ግማሽ የሆነ ብርሃን ሲሰጡ። ሌዘሩ ቲታኒየም ሳፋየር፣ 920 ናኖሜትር፤ ፊልተሩ 460። ስፒንድሉ ይታያል፣ ግን ለሁለት ተከፍሎ። ክሮሞሶሞቹ የሚሰለፉበት መሃል ጥቁር ነው። አንዳንድ ሴል ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሌዘሩን ልጨምር? ሽሉን እንዳልገድለው ፈራሁ። ለመሆኑ የማየው ሃርሞኒክ ነው ወይስ የእንቁላሉ አስኳል የሚሰጠው ፍሎረሰንስ (ብርሃን ውጦ በሌላ ቀለም መልሶ ማብራት)?

ጋሽ_ሌንስ፦ እህቴ፣ ሌዘሩን አትንኪው! ሃርሞኒኩ ራሱ ሴሉ ውስጥ ጉልበት አይተውም፤ የተረፈው ሌዘር ግን ይጎዳል። ጥቁሩ መሃል ትክክለኛ ውጤት ነው። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው ለዚህ ነው። ስፒንድሉ የተሠራበት ቀጭን ክር፣ ማይክሮቲዩቡል፣ አቅጣጫ አለው። ብዙዎቹ ወደ አንድ ወገን ሲያዩ ሞገዳቸው ይደመራል። ከሁለቱ ዋልታ መጥተው መሃል ላይ ሲፋጠጡ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋል። በጂኤፍፒ (አረንጓዴ በሚያበራው ፕሮቲን) ምልክት አድርገሽ ብታይው መሃሉ ባልጨለመ ነበር፤ እሱ የሚነግርሽ ቱቡሊን፣ የማይክሮቲዩቡሉ ፕሮቲን፣ መኖሩን እንጂ ወዴት እንደዞረ አይደለም። በ2003 ዶምቤክ፣ ዌብና ባልደረቦቻቸው ኮርኔል ውስጥ በአንጎል ቲሹ ላይ ይህንኑ አሳይተዋል፦ አክሶን (መልእክት የሚያወጣው የነርቭ ሴል ክር) ያበራል፤ የማይክሮቲዩቡሎቹ አቅጣጫ የተደበላለቀው ዴንድራይት (መልእክት ተቀባዩ ቅርንጫፍ) አያበራም። ግሩም ነገር ነው!

የጠፉብሽ ደግሞ ከሌዘሩ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ ከሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ጋር ተሻግረው የተጋደሙት ይሆናሉ። ፖላራይዜሽን የሚቀይር ኳርተር ዌቭ ፕሌት አስገቢና ሰርኩላር (አቅጣጫው የሚሽከረከር) አድርጊው። ወደ ሌንሱ ቀጥ ብሎ የቆመውን ግን እሱም አያድነውም።

ለማረጋገጥ ሌዘሩን ወደ 880 ውሰጂው። ሃርሞኒክ ከሆነ ተከትሎ ወደ 440 ይሄዳል። ፍሎረሰንስ ቦታውን አይለቅም።

አቤል_ኦፕቲክስ፦ ጋሼ ካሉት ላይ ልጨምር። ዲቴክተርሽ የት ነው? ሃርሞኒኩ በብዛት ወደፊት ነው የሚሄደው፤ ከሽሉ በታች፣ ብርሃኑን ከሚሰበስበው ሌንስ ከኮንደንሰሩ በኋላ አድርጊው። አስኳሉ ብርሃን ስለሚበትን ሽሉን አጋሮዝ (ጄል) ውስጥ በጎኑ አስተኚው። 28.5 ዲግሪ ላይ ሴሎቹ በየ15 ደቂቃው ገደማ ስለሚከፈሉ በምስልና በምስል መሃል ረጅም ጊዜ አትተዪ።

ሳሮን_ላብ፦ እግዜር ይስጥልኝ! 880 ላይ ስፒንድሉ ከ460ው ፊልተር ጠፋ፣ አስኳሉ ደብዘዝ ብሎ እንዳለ ቀረ። ዲቴክተሩ ከላይ ነበር፣ አሁን ወደ ታች እያዞርኩት ነው። ኳርተር ዌቭ ፕሌት ከጎረቤት ላብ ለምኛለሁ። ጋሼ፣ አናፌዝ ላይ (ክሮሞሶሞቹ ወደ ሁለት ሲለያዩ) መሃሉ ሲሰፋ ጥቁሩም አብሮ ይሰፋል?

ጋሽ_ሌንስ፦ አዎ፣ ዋልታዎቹ ሲራራቁ ክፍተቱም ይሰፋል። ፊልሙን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊልን።