በ1966 ቮልስ ከዳላስ እስከ ሳንታ ሞኒካ፣ ያውም በሐምሌ! ምክር እፈልጋለሁ

የገርላንዱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ገርላንድ ነው። አምና የ1966 ቮልስ ገዛሁ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። 1300 ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት፣ ቀለሟ የደበዘዘ ሰማያዊ። የገዛኋት ለአባቴ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ እንዲህ ያለች ቮልስ ነበረቻቸው፤ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት በእሷ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ሐምሌ ላይ የ10 ቀን ፈቃድ አለኝ። አማሪሎ ድረስ ወጥተን፣ ከዚያ ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወስደውን የድሮ አውራ ጎዳና፣ ሩት 66ን፣ ይዘን እስከ ሳንታ ሞኒካ ልንሄድ ነው።

መኪናዋ ከተማ ውስጥ ምንም አትል። ከ40 ማይል በላይ ግን ነድቻት አላውቅም። የበረሃውን ሙቀት ትችላለች? በመንገዱ ላይ ካሉት የድሮ መስህቦችስ የትኞቹ ናቸው መቆም የሚገባቸው? አሪዞና ውስጥ ኦትማን ወደምትባለው የተራራ መንደርስ ልውጣ? አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ካቻቢቴ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት፣ እዚህም ከዚያ በላይ ቮልስ ስፈታ ኖሬያለሁ። ትችላለች። ግን አሁን ባለችበት ሁኔታ አይደለም።

መጀመሪያ የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይር። ቮልስ እሳት ሲነሳባት አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ከዚህ ነው። የድሮው ቱቦ ለዛሬው ኢታኖል ለተቀላቀለበት ቤንዚን የተሠራ አይደለም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። የቤንዚን ፊልትሮው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከሆነ አውጣውና ፊት ለፊት ታንከሩ ጋ አድርገው። እሳት ማጥፊያ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ለውበት አይደለም የምልህ።

ሁለተኛው ቺንጋ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። አየሩን የሚነፋው ፋን ከዲናሞው ዘንግ ጋር ነው የሚዞረው፤ ዲናሞውን የምታዞረው ደግሞ ያቺ አንዲት ቺንጋ ናት። ስትበጠስ ቀዩ መብራት ይበራል። ያኔ «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቀጣዩ ከተማ ላይ አሳያለሁ» ብለህ ከነዳህ ሞተሩን ቀበርከው። ወዲያው ዳር ይዘህ አጥፋ።

ሁለት መለዋወጫ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ወፍራም ካቻቢቴ ያዝ። የዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታያለህ። ካቻቢቴውን እዚያ ውስጥ ከተህ የዲናሞው ብሎን ላይ ስታስደግፈው ፑሊው መዞሩን ያቆማል፤ ያኔ መሀሉን ትፈታለህ። ፑሊው ለሁለት ይከፈላል። በመሀሉ ያሉት ስስ ቀለበቶች ሣር ውስጥ እንዳይጠፉብህ። ቺንጋው የሚጠብቀውም የሚላላውም በእነሱ ነው፤ አንዱን ስታወጣ ይጠብቃል። ቤትህ በር ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመደው። አውራ ጎዳና ዳር፣ የጭነት መኪና እያንቀጠቀጠህ አይደለም የሚማሩት።

ቫልቭ በየ3,000 ማይሉ ይስተካከላል፤ ሳትወጣ በፊት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ አስተካክለው። በየማለዳው ዘይት እይ። የያዘችው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ከጎደለ ብዙ ጎደለ ማለት ነው።

ናቲ አሪዞና

ካቻቢቴ ያልጠቀሰው አለ፤ ጎማ። ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ አለ። «3512» ቢል በ2012፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልህም እንዲህ ያረጀ ጎማ በሐምሌ አስፋልት ላይ ይፈነዳል። የድሮ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ኦትማንን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን እቀራለሁ። የ1966 ቮልስ ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ፍሬን የለህም። እዚህ አሜሪካ ባለ ሁለት መስመር የመጣላት በ1967 ነው። ከኪንግማን ስትወጣ ሲትግሪቭስ የሚባለውን የተራራ ማለፊያ ታልፍና ቁልቁለቱ ጥምዝ በጥምዝ ይሆናል፤ መከላከያ አጥር የሌለበትም አለ። በድሮ ጊዜ የፎርድ ሞዴል ቲ ሹፌሮች ያንን ዳገት በኋላ ማርሽ ነበር የሚወጡት። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት እየወረደ ስለነበር ፊት ለፊት ሲወጡ ወደ ሞተሩ አይደርስም።

ካቻቢቴ

ናቲ፣ በጎማው እስማማለሁ። በኦትማን ግን አጋነንከው። የፍሬን ቱቦዎቹንና ዋናውን ፓምፕ በአዲስ ቀይሮ፣ በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ ከወረደ ምን ይሆናል? እግርህን ፔዳሉ ላይ አታስተኛ እንጂ። የፍሬኑ ታምቡር ከጋለ መያዙን ይተዋል።

እማማ ጦቢያ

ልጄ፣ እኔ መኪና አላውቅም። መንገዱን ግን ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የምነግርህ ስለ ማደሪያ ነው።

ቱኩምካሪ፣ ኒው ሜክሲኮ ስትደርስ ብሉ ስዋሎ እደሩ። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ሞቴል ነው። ከክፍሎቹ ጎን ትንንሽ ጋራዥ አለ፤ ያቺ አሮጊት መኪናህ እንኳን ጣራ ታገኛለች። ማታ ሰማያዊው የኒዮን ወፍ ሲበራ አባትህን በር ላይ ወንበር አውጥተህ አስቀምጥልኝ። እኛ ቡናችንን ይዘን እዚያው አመሸን።

ሆልብሩክ፣ አሪዞና ደግሞ ዊግዋም ሞቴል አለ። ክፍሎቹ የአሜሪካ ሕንዶችን ድንኳን አስመስለው በሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው፤ 15 ናቸው። የሞቴሉ ባለቤት በ1950 ነው የሠራቸው። የንድፉን መብት የከፈለው በሳንቲም ነው ይባላል። በየክፍሉ 10 ሳንቲም ሲጎርስ ግማሽ ሰዓት የሚዘፍን ሬዲዮ ነበረ፤ ገቢው ለንድፉ ባለቤት ነበር የሚሄደው። ደጁ ላይ የቆሙት መኪኖች ሁሉ የጥንት ናቸው፤ የአንተም ከመሀላቸው ስትቆም እንግዳ አትሆንም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አስቀድመህ ያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ። ያ ሁሉ ደማቅ ዘመን እንደኛ ጥቁር ለሆነ ሰው እንዲህ አልነበረም። ብዙ ሞቴል አያሳድርም፣ ብዙ ምግብ ቤት አያበላም ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የሚባል፣ ኒው ዮርክ ሃርለም የሚኖር ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ጥቁሮች የት ማደርና መብላት እንደሚችሉ የሚናገር መምሪያ ያሳትም ነበር፤ ግሪን ቡክ ይሉታል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ዘልቋል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ለአባትህ አሳያቸው፤ ያን ዘመን በዕድሜያቸው ያውቁታል፣ ብዙ ያወያያችኋል።

ናቲ አሪዞና

እማማ ጥሩ ተናገሩ። ስለ መስህቦቹ ከጠየቅከኝ፣ ካዲላክ ራንች ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከአማሪሎ ወጣ ብሎ በ1974 አፍንጫቸው መሬት ውስጥ የተተከሉ 10 ካዲላኮች ናቸው፤ ከ1949 እስከ 1963 የተሠሩ። ሁሉም ሰው የሚረጭ ቀለም ይዞ ይመጣል። ከቅርብ ሲታዩ ቀለሙ እንደ ኮረት ተደራርቦ ብረቱ ጠፍቷል። ለኔ የመኪና መቃብር ነው፤ ሌላው ይወደዋል። የቀለም ጣሳህን ይዘህ ተመለስ። ኤድሪያን ላይ ደግሞ የመንገዱ ግማሽ የሚል ምልክት አለ፤ ወደ ቺካጎም ወደ ሎስ አንጀለስም 1,139 ማይል።

ፔትሪፋይድ ፎረስትን እንዳታልፍ። ሩት 66 ያለፈበት ብቸኛ ብሔራዊ ፓርክ ነው። መንገዱ በነበረበት ቦታ የ1932 ስቱድቤከር መኪና ቆማለች፣ ዝጋ፣ ያለ መስታወት። ከኋላዋ የድሮዎቹ የስልክ እንጨቶች ተሰልፈው ይታያሉ፤ አስፋልቱ ግን የለም። ለጉልበትም አይከብድም፣ መኪናው እስከ አጠገቧ ይደርሳል። ሴሊግማንም ቁሙ። አውራ ጎዳናው በ1978 ከተማዋን ዘሎ ሲያልፍ ሰው የሚባል ጠፋ። በ1987 መንገዱ ታሪካዊ ተብሎ እንዲጠበቅ ያስደረጉት የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ አንጀል ዴልጋዲዮና ወዳጆቻቸው ናቸው።

ካሊፎርኒያ መግቢያ ላይ ካለችው ኒድልስ ወዲያ ግን አትቀልድ። በሐምሌ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት በረሃውን ጨርሱ። አምቦይ በኩል ያለው የድሮ መንገድ በድልድይ ጥገና ስለሚዘጋ ቀድመህ አጣራ። ለሰው ውኃ፣ ለሰው ጥላ። መኪናዋ ውኃ አትጠጣም፣ አባትህ ግን ይጠጣሉ።

የገርላንዱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኪንግማን ነው፤ ስድስተኛ ቀናችን።

ቱቦውን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን ሁሉ ቀይሬ ነው የወጣሁት። ከቱኩምካሪ ወጥተን ሳንታ ሮዛ ሳንደርስ ቀዩ መብራት በራ። ቆምኩ። ገና ቁልፍ ስፈልግ አባቴ ከመኪናው ወርደው፣ ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ ካቻቢቴዬን ከእጄ ወሰዱ። «ቀለበቶቹን ያዝ» ብቻ ነው ያሉኝ። መዳፌን ዘርግቼ እንደ ልጅ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ጉልበታቸው አላመማቸውም፤ ወይም አልነገሩኝም።

ኦትማንን ተውነው። ፍሬኑን ፈርቼ አይደለም። በመንደሩ ጎዳና ላይ ቱሪስት የሚያያቸው የማዕድን ቆፋሪዎች አህዮች ዘር እንዳለ ስነግራቸው «አህያ ለማየት ነው አሜሪካ የመጣሁት?» አሉ።

አሁን አንድ ችግር አለ። የኋላ ቀኝ አምፖል ተቃጥሏል፤ እዚህ ሱቆች ያላቸው የ12 ቮልት ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ባርስቶው አካባቢ ባለ 6 ቮልት የሚያውቅ አለ?

ካቻቢቴ

ባርስቶው ላይ በፍለጋ አትልፋ። የጓንት ሳጥኑን ባታየውም ስፔር ጎማው ጎድጓድ ውስጥ ፈልግ፤ የድሮ ባለቤቶች አምፖል በጨርቅ ጠቅልለው እዚያ ያኖራሉ። ከሌለ በቀን ብቻ ንዳ፣ ሳን በርናርዲኖ ስትደርስ ደውልልኝ፣ በውስጥ መልእክት ቁጥሬን ልኬልሃለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት አለኝ።

የገርላንዱ (ጠያቂ)

ጎድጓዱ ውስጥ አንድ ተገኘ! በጋዜጣ ተጠቅልሎ። አባቴ ጋዜጣውን እያነበቡ ነው፣ አምፖሉን እኔ ልግጠም።