ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ላላቸው ማባበያዎች፦ ሳጥኑን፣ ፒንሳውንና ልባሱን በደሴና በኮምቦልቻ ከየት ላግኝ ለምትሉ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ በዘንግ የምናጠምድ ሰዎች ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም፣ በዘመድ በኩል ከውጭ የሚላኩልን የፕላስቲክ ዓሣ መሳይ ማባበያዎች በየቤታችን እየተጠራቀሙ ነው። አንዱ ማባበያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መንጠቆ ይንጠለጠልበታል፤ እያንዳንዱ መንጠቆ ሦስት ጫፍ ስላለው፣ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ ያላቸው ስድስት ሹል ጫፎች ይዘን እንሄዳለን ማለት ነው። እኔ እነዚህን በፌስታል አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ስሄድ፣ አንዱ ጫፍ ፌስታሉን በስቶ ሕፃን ያዘሉ እናት ነጠላ ላይ ተሰካ። ሕፃኑን አልነካውም፤ ነጠላውን ግን ቀድጄ ማላቀቅ ግድ ሆነብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለቱም ከተሞች የሞከርኳቸውን ዕቃዎችና ሥራዎች እነሆ።

ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት ሳጥኑ ሳይሆን ፒንሳው ነው እላለሁ። ማባበያ ይዘን የምንፈልገው በአብዛኛው አምባዛን ነው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዋነኛ ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚበቅለው አልጌ ስለሆነ ለማባበያ እምብዛም አይመጣም። አምባዛ ደግሞ ከውሃ ሲወጣ አጥብቆ ይወራጫል፣ የጎን ክንፎቹም ጠንካራ እሾህ አላቸው፤ አንዱ መንጠቆ በአፉ ውስጥ እያለ ሌላው በአየር ላይ የሚወዛወዝበት ያ ቅጽበት ነው እጅን የሚያስወጋው። ስለዚህ መንጠቆውን በጣት ሳይሆን አፉ ረጅምና ቀጭን በሆነ ፒንሳ ማውጣት ያስፈልጋል። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የገዛሁት ርካሹ ፒንሳ በሁለት ወር ውስጥ ማጠፊያው ላይ ዝጎ አልከፈት አለኝ። ኮምቦልቻ ላይ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚሸጠው፣ እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነው፣ ዋጋው ከፍ ቢልም እስካሁን እየሠራ ነው። ከእሱ ጋር ሽቦ መቁረጫ ግዙ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም ያረጀ መንጠቆ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ቆርጣችሁ ሞክሩት። የመንጠቆ ብረት ከተራ ሽቦ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ መቁረጫዎች እሱ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ይሸረፋል።

በዚያው ፒንሳ የመንጠቆውን እሾህ ጨፍልቁት። ዓሣ ያመልጠናል የሚሉ አሉ፤ ክሩ ሳይላላ ከተሳበ ግን የሚያመልጠው ጥቂት ነው፣ ሥጋ ውስጥ የገባ መንጠቆም በመጣበት መንገድ በቀላሉ ይመለሳል። የኋለኛውን መንጠቆ ባለ አንድ ጫፍ በሆነ መለወጥም ይቻላል፤ እኔ በግማሾቹ ላይ አድርጌዋለሁ።

ወደ ሳጥኑ ስንመጣ፣ ለማባበያ ተብሎ የተሠራ በሁለቱም ከተሞች ፈልጌ አላገኘሁም። የሕፃናት ምሳ ዕቃ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ክፍል ስለሌለው ማባበያዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው አንዱን ሳነሳ አምስቱ አብረው ይመጣሉ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አናጺ በጣውላ የሠራልኝ ሳጥን እጅግ ውብ ነው፤ ሆኖም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በክረምት ጉም የማይለያት ከተማ በመሆኗ ጣውላው እርጥበት ይዞ መንጠቆዎቼን አዛገብኝ። የምመርጠው ኮምቦልቻ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን፣ ለብሎንና ለዳዶ የሚሆነውን ባለ ብዙ ክፍል የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ክዳኑ ያሳያል፣ መቆለፊያው ይጠብቃል፣ በአንድ ክፍል አንድ ማባበያ ብቻ ይገባል። ክዳኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አበጅቼ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሬበታለሁ። ከሐይቅ ስመለስ ማባበያዎቹን ሌሊቱን ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ላይ ሰቅዬ አድራለሁ እንጂ እርጥብ እያሉ ሳጥኑን አልዘጋም። እንደ ጎማ የሚለመጡትን ማባበያዎች ከጠንካራዎቹ ጋር አትቀላቅሉ፤ በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት መኪና ውስጥ ከቆዩ ቀልጠው ይጣበቁባቸዋል።

ዘንግ ላይ ታስሮ ለሚጓዝ ማባበያ ልባስ ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ያረጀ ጂንስ ይዤ ደሴ ወደሚገኙ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሄድኩና መንጠቆውን አሳየኋቸው። «ጂንስ ብቻውን አይበቃም፣ ልጄ፤ ከውስጥ ሸራ ልደርብበት» አሉኝ። «አንቱ እንዳሉ ይሁን» አልኩና ተውኩላቸው። የሠሩልኝ እንደ መጠቅለያ የሚከፈት፣ በቬልክሮ የሚዘጋ ልባስ ሁለት ዓመት ሳይበሳ አገልግሎኛል። ከቆዳ ያሠራሁት ሌላው ግን እርጥበቱን አልለቅ ብሎ መንጠቆውን አበላሸው። ልባስ ማሰፋት የማትችሉ ከሆነ፣ ቀጭን የውሃ ጎማ በአጭር በአጭሩ ቆርጣችሁና በአንድ ጎኑ ሰንጥቃችሁ ጫፎቹ ላይ አልብሷቸው። ረጅም ጉዞ ላይ ግን ማባበያውን ከክሩ መፍታት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢወጋችሁ፣ መጀመሪያ መንጠቆውን ከማባበያው ለዩት፤ መቁረጫው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የተንጠለጠለው ማባበያ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቁስሉን ያሰፋዋል፣ ነጻ የሆኑት ሁለቱ ጫፎችም ሌላውን እጅ ይፈልጋሉ። እሾሁ ቆዳ ውስጥ ከተቀበረ በጉልበት ከመጎተት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይበጃል። ዓይን ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከሆነ በፍጹም አትንኩት፤ ሳይጫነው በፕላስቲክ ኩባያ ከልላችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። መንጠቆው ቢወጣም ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ የቴታነስ ክትባታችሁን ጠይቁ፤ ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው እንደገና መወጋት ይመከራል።

የዛጉና የተሰበሩ መንጠቆዎች ነገርም አለ። ሐይቁ ዳር ከብት ይሰማራል፣ ሕፃናትም በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፤ ስለዚህ አንድ ባዶ ሃይላንድ በቦርሳችሁ ያዙና የተቆረጠችውን ጫፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ጨምሩ። ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር ጠቅልሉት፤ ለብረት ገዢ የምትሰጡት ከሆነም በውስጡ ያለውን አስቀድማችሁ ንገሩት።