የርቀት የግብርና ዲግሪ፦ ረቂቁን አብረን እናርም

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለግብርና ኮሌጆች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ደርሷል። ዲፕሎማ ይዘው ቀበሌ ላይ ያሉ የልማት ሠራተኞች ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ እንዲይዙ ነው የምንጠይቀው። እስካሁን የተጻፈው፦ ትምህርቱ በየሳምንቱ በዙም፣ ንባቡ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ፣ ፈተናው ሰኔ ላይ፣ የተግባር ልምምዱ ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ። ሳትሳሱ አርሙት።

የቀበሌ ባለሙያ፣ ሰሜን ሸዋ፦
ፈተና በሰኔ አይሆንም። ሰኔና ሐምሌ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ስናከፋፍል ነው የምንውለው። ጥር ላይ ደግሞ አፈርና ውሃ የምንጠብቅበት የተፋሰስ ዘመቻ አለ፤ ሕዝቡን ይዤ እርከን ላይ ነኝ። ለእኔ የሚሻለው መስከረም ነው፣ አዝመራው ሳይደርስ። ዙሙም ይቅርብን። እኛ ጋ ኔትወርክ የሚይዘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። አምና አንድ የኦንላይን ሥልጠና ጀምሬ ድምፁ እየተቆራረጠ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተውኩት። የዳታ ብሬም በከንቱ ቀረ። የከበደኝ ትምህርቱ አልነበረም።

የአፈር ሳይንስ መምህርት፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ሃንዳውቱን ፒዲኤፍ አድርገን ቴሌግራም ላይ ለቀቅን። እኔ ያንን ማስተማር አልለውም።

የአፈር ዓይነት እኮ በጣት ነው የሚለየው። አፈሩን አርጥበህ ታሸዋለህ፤ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየገፋህ እንደ ጥብጣብ ታወጣዋለህ። ሸክላማ ከሆነ ይረዝማል። አሸዋማ ከሆነ ገና ሳይወጣ ይበጠሳል። ቪዲዮ ይህን ያሳያል፤ ጣት ግን አያለማምድም። ደግነቱ አፈሩ ያለው ተማሪው ጋ ነው! አምስት ደቂቃ ቪዲዮ በሚሞሪ ካርድ ልስጠው። ጉድጓድ ቆፍሮ የአፈሩን ንብርብር ፎቶ ያንሳ፤ ጉብታው ላይ ሲወጣ ይላክልኝ። ግቢ የሚያስመጣው እንደ ፎስፈረስ ልኬት ያለው የላብራቶሪ ሥራ ብቻ ነው። ለዚያ ሁለት ሳምንት ይበቃል።

አንጋፋ አባል፣ ጡረተኛ የግብርና ኤክስቴንሽን (ገበሬን የማማከር ሙያ) መምህር፦
ልጆቼ፣ ከባዶ አንነሳም። የያኔው አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ሳሳካዋ ከተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ጋር ለሥራ ላይ ባለሙያዎች ፕሮግራም ከፍቷል። ተማሪው ግቢ ይማርና ወደ ሥራ ቦታው ይመለሳል። ከገበሬው ጋር ያቀደውን ፕሮጀክት ለወራት ይሠራል፤ መምህሩም እዚያው ሄዶ ያየዋል። ስልኩና ቪዲዮው በሁለት ጉብኝቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይሙላልን። ጉብኝቱን ይተካል ብላችሁ ግን እንዳትጽፉ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው መምህሩን የሚያደርሰው የመኪናው ወጪ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያ፦
ሙድልን አንጣለው። የስልኩ መተግበሪያ ትምህርቱን አንዴ ካወረደ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ስማርት ስልክ ለሌለውም 8028ን አስቡ። የገበሬዎቹ መስመር በተራ ስልክ፣ በድምፅ ነው የሚሠራው። ለአጫጭር ማብራሪያ እኛም እንዲህ ያለ መስመር እንጠይቅ።

የልማት ሠራተኛ፣ ጎጃም፦
ሁለት ሳምንት ግቢ ስትሉ የምታጠባ እናት ምን ታድርግ? ማደሪያ ከነልጇ ይጻፍልን። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም የጥናት ቀን እንደሚሰጥ በደብዳቤ ይፈርም። አለዚያ በጥናታችን ቀን ስብሰባ እንጠራለን።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። የታረመው ይኸው፦

«ትምህርቱ በሚሞሪ ካርድና ያለ ኔትወርክ በሚሠራ መተግበሪያ ይሰጣል፤ ተራ ስልክ ላለው የድምፅ መስመር ይኖራል። የተግባር ሥራው ተማሪው ባለበት ቀበሌ ነው። በጥር ወር የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ራሱ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ኮርስ ይያዛል። ፈተናው መስከረም ላይ ነው። ለላብራቶሪ ሁለት ሳምንት ግቢ ይገባል፤ ለእናቶች ከነልጆቻቸው ማደሪያ ይዘጋጃል። ወረዳው የጥናት ቀን ለመስጠት አስቀድሞ ይፈርማል።»

የመምህሩ ጉብኝት ስንት ጊዜ ይሁን? እኔ በዓመት ሁለቴ እላለሁ።

አንጋፋ አባል፦
ሁለቴ ጥሩ ነው። አንዱ ግን ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ ይሁን፤ ዋግ መትቶት እንደሆነ መምህሩ ከተማሪው ጋር ቆሞ ይየው።