ኩባንያዎቹ ሲፎካከሩ እኛ ተጠቃሚዎቹ ምን አተረፍን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር «ፉክክሩ የሚጠቅመው ተጠቃሚውን ነው» ይባላል። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ግን ጥርጣሬ ገብቶኛል።

ነገሩ የጀመረው ከወንድሜ ጋር ነው። እሱ አይፎን ነው የሚይዘው፣ እኔ አንድሮይድ። በተገናኘን ቁጥር እንከራከራለን። አንዴማ ክርክሩ ከሮ ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ስለ አፕልና ሳምሰንግ ክስ ማንበብ የጀመርኩት። አፕል «ዲዛይኔን ገልብጠሃል» ብሎ ሳምሰንግን የከሰሰው በ2011 ነው። በ2012 አሜሪካ ውስጥ ጁሪው ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። ጉዳዩ በይግባኝ ሲንከባለል ቆይቶ በ2018 በስምምነት አለቀ። በእነዚያ ዓመታት ግን ሳምሰንግ ለአይፎን የሚሆኑ ዕቃዎችን ሲያቀርብ ነበር። በ2017 የወጣው አይፎን 10 ስክሪኑ የሳምሰንግ ሥራ ነው። እኛ ወንድማማቾቹ ስንኮራረፍ እነሱ ገበያቸውን አላቋረጡም።

ሌላም አለ። ጎግል በተከሰሰበት ችሎት እንደወጣው፣ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። የሚከፍለው የአፕል ብራውዘር በሆነው ሳፋሪ ላይ ቀድሞ የሚመጣው መፈለጊያ የእሱ እንዲሆን ነው። አንድሮይድ የጎግል ነውና፣ በስልክ ገበያ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል የምንላቸው ሁለቱ ኩባንያዎች ናቸው እንግዲህ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፉክክሩ እውነተኛ ነው ወይስ ላይ ላዩን? እውነተኛ ከሆነስ ለእኛ ምን አመጣልን? በሥራችሁ ያያችሁትን፣ በእጃችሁ የነካችሁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የትኛው ስልክ ይበልጣል የሚለውን ግን እንተወው።

መልስ 1

ጥሩ ጥያቄ ነው ወዳጄ። ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የማውቀው የብራውዘሩን ነገር ስለሆነ እሱን ላውራህ።

ፉክክሩ እውነት ነው። ይህን የምለው የቆመበትን ጊዜ ስላየሁ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበያውን የያዘው ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሠራና ከዊንዶውስ ጋር በነፃ አስገባው። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሌላ ብራውዘር የሚፈልግበት ምክንያት አጣ። በ1998 የአሜሪካ መንግሥት ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። በ2000 ዳኛው ኩባንያው ለሁለት ይከፈል አሉ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሻረው። በዚህ መሐል ኔትስኬፕ አልቆለት ነበር።

አሁን ልብ በል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የወጣው በ2001 ነው። 7ኛው የወጣው በ2006። 5 ዓመት! ከዚያ በፊት እኮ አዲሱን ሳንለምደው ሌላ ይመጣ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ አላጣም፤ ጎበዝ ባለሙያም አላጣም። ያጣው ከኋላው የሚያባርረውን ነው። ለብቻው የሚሮጥን ማን ይቀድመዋል?

6ኛው ምን ዓይነት እንደነበር በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። አንድን ሳጥን ወደ ግራ ታስጠጋለህ። ከዚያ ከግራ ጠርዙ 10 ፒክስል ክፍተት ይኑረው ብለህ ትጽፋለህ። እሱ 20 ያደርገዋል፤ ልክ እጥፍ። በዘመኑ ድረ ገጽ የሠራ ሁሉ ይህን ስህተት ያውቀዋል። መላው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሳጥኑን አቀማመጥ «ኢንላይን» ብለህ ስትጽፍ ክፍተቱ ወደ 10 ይመለሳል። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ማሰብ አያስፈልግህም፤ ጽፈህ ታልፋለህ። በዓለም ላይ ስንት ሰው ስንት ሰዓት በዚህ እንዳባከነ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ፋየርፎክስ የሚባል ብራውዘር መጣ። ኔትስኬፕ ሳይሞት በፊት በ1998 ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎት ነበር። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ የተነሳው ከዚያ ነው፤ ፋየርፎክስ 1.0 ደግሞ በ2004 መጨረሻ ወጣ። በ2006 ፋየርበግ የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ ተሠራለት። ያን የጫንኩበትን ቀን አልረሳውም። ገጹ ላይ ያለ አንድ ርዕስ ጠቅ አደረግኩ። ስፋቱ፣ ክፍተቱ፣ እንዲህ እንዲሆን ያዘዘው የኮድ መስመር ሁሉም ከታች ተደረደረልኝ። ቁጥሩን እዚያው ስቀይረው ገጹም ዓይኔ እያየ ተቀየረ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨለማ እየዳበስኩ ነበር የምሠራው። ዛሬ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሌለው ትልቅ ብራውዘር የለም።

በ2008 የጎግል ብራውዘር ክሮም ገባ። ሩጫው ጃቫስክሪፕትን፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማን ያፈጥናል ወደሚለው ዞረ። ዛሬ ካርታ፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ ምንም ሳንጭን ብራውዘር ላይ የምንከፍተው ያ ሩጫ ስለነበረ ነው። አየህ፣ ያተረፍነው ይህን ነው። ቀላል አይደለም።

ግን ጥርጣሬህም ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት የራሱን ሞተር፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ ገጹን የሚያሳየውን የብራውዘር ክፍል፣ ትቶ በ2020 አዲሱን ብራውዘሩን ኤጅን የክሮም መሠረት በሆነው በክሮሚየም ላይ ሠርቶ አወጣ። ክሮሚየምን በዋናነት የሚሠሩት የጎግል ሰዎች ናቸው። ኦፔራና ብሬቭ የሚባሉት ብራውዘሮችም የሚሄዱት በዚሁ ሞተር ነው። ሞዚላ ደግሞ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከጎግል ነው፤ አንተ ባነሳኸው ዓይነት ክፍያ። ስሙ ብዙ ነው፣ ሞተሩ ግን ወደ አንድ እየተሰበሰበ ነው። እንደ 2001 እንዳይሆን እፈራለሁ።

መልስ 2

የብራውዘሩን ታሪክ አላውቅም ነበር። እኔ ኮምፒውተር ገጣጥማለሁ፤ የእኔም ታሪክ ከዚያው ጋር አንድ ነው።

ከ2007 ገደማ ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው የኢንቴል ፕሮሰሰር ቢበዛ 4 ኮር ነበር፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። በ2017 መጀመሪያ የወጣው 7700ኬም 4 ኮር ነው። አስር ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በእነዚያ ዓመታት ተዳክሞ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት አካባቢ ኤኤምዲ ራይዘን የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ራይዘን 7 1800ኤክስ 8 ኮር ይዞ በ499 ዶላር። ያኔ የኢንቴል 8 ኮር ዋጋው ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። ጥቂት ወራት አለፉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኢንቴል ለተራው ገበያ 6 ኮር አወጣ። አስር ዓመት ያልተቻለው በወራት ተቻለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኤኤምዲ ለዚህ የበቃው በአጋጣሚ አይደለም። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲሠራ «ቺፑን ከአንድ ሻጭ ብቻ አልገዛም» አለ። ስለዚህ ኢንቴል በ1982 ዲዛይኑን ኤኤምዲም እንዲሠራው ተስማማ። ገዢው አይቢኤም ባይጠነክር ኖሮ ዛሬ ሁለተኛ ምርጫ ይኖረን ነበር ብዬ አላምንም። ፉክክሩን የፈጠሩት ተፎካካሪዎቹ አይደሉም፤ ገዢው ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የ5 ዓመቱ ነገር ገርሞኛል፤ ስለ ጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

የእናንተን ሳነብ የኢሜይሉ ነገር ትዝ አለኝ። በ2004 ጂሜይል 1 ጊጋባይት ይዞ ሲመጣ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋባይት፣ ያሁ ደግሞ 4 ሜጋባይት ነበር። ያሁ በወራት ውስጥ ወደ 100 ሜጋባይት ከፍ አለ። ከዚያ በፊት አዲስ ደብዳቤ እንዲገባልኝ አሮጌውን እየመረጥኩ አጠፋ ነበር። የጓደኛዬን ደብዳቤዎች በዚያ መንገድ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ዛሬ ባገኛቸው ብዙ እሰጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ተፎካካሪውን መግዛትስ? ፌስቡክ በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ኢንስታግራም ሠራተኞቹ 13 ብቻ ነበሩ። በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ሦስቱም ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። አንዱን ተናድጄ ብተው የምሄደው ወደዚያው ቤት ነው።

መልስ 3

እኔ ደግሞ ነገሩን ከበሩ በኩል ነው የማየው። ኩባንያዎቹ ምን ያህል ይፎካከራሉ ብዬ አልጠይቅም። ዛሬ ልውጣ ብል በስንት ሰዓት እወጣለሁ ብዬ ነው የምጠይቀው።

የእናቴን ፎቶዎች ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ አዛውሬያለሁ። የኩባንያዎቹን ስም እተወዋለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ፎቶ ነው። «አውርጂ» የሚለው ቁልፍ አለ፤ ተጫንኩት። በማግስቱ ብዙ የታመቁ ፋይሎች መጡልኝ። ፈታሁና አዲሱ ቦታ ላይ ጫንኳቸው። ከዚያ እናቴ ስልኩን ተቀብላ ወደ ላይ ወደ ታች ስታደርግ ቆየችና «ልጄ፣ አባትሽ የት ሄደ?» አለችኝ።

ፎቶዎቹ ሁሉ አሉ። ቀናቸው ግን ጠፍቷል። የአስራ አንድ ዓመቱ ፎቶ በሙሉ ዛሬ የተነሳ መስሎ ተደርድሯል። አባቴ ያለበት የመጨረሻው በዓል ከትናንት የድመት ፎቶ ሥር ገብቷል። በኋላ ስመረምር ለካ ቀኑ ከፎቶው ተነጥሎ በሌላ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው የመጣው። እያንዳንዱ ፎቶ አጠገብ አንድ አንድ ፋይል። መልሶ ማገናኘት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። እናቴ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ አሮጌው ቦታ ትቀር ነበር። ብዙ ሰው የሚቀረው እኮ ወዶ አይደለም።

ፋየርፎክስ ለምን ተሳካለት? በአምስት ደቂቃ ይጫናል። ያስቀመጥካቸውን አድራሻዎች ከድሮው ብራውዘር ራሱ ያመጣልሃል። ኮምፒውተር ገጣጣሚው ወንድማችንም ፕሮሰሰር ቢቀይር ፋይሎቹ ያው ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ፉክክሩ ሠርቷል፤ መውጣት ቀላል ነው። ፎቶና የመልእክት ግሩፕ ላይ ሲደርስ ግን በሩ ጠባብ ነው። ዘመድ ሁሉ ያለበትን ግሩፕ ማን ይዞት ይወጣል?

በሩን ራሳቸው ያሰፉታል ብዬ አልጠብቅም። ቻርጀሩን ተመልከቱ። የአውሮፓ ኅብረት አንድ ዓይነት መሰኪያ ይሁን ብሎ ሕግ አወጣ፤ አፕል በ2023 አይፎን 15ን በዩኤስቢ ሲ አወጣ። በ2024 ደግሞ እዚያው አውሮፓ ትልልቆቹ የመልእክት አፖች ሌላ አፕ ሲጠይቃቸው እንዲገናኙ የሚያስገድደው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ፍርድ ቤት ብቻውን ግን ያዘግማል። ጎግል የመፈለጊያ ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ በሞኖፖል ይዟል ተብሎ በ2024 ተፈረደበት። በ2025 ዳኛው ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ ሌላውን የሚያገል ውል ከለከሉ፣ ክፍያውን ግን አልከለከሉም።

መልስ 1

እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ልቤን ነካው። ልክ ነሽ። እኔ ስለ ሯጮቹ ሳወራ አንቺ ስለ በሩ ነገርሽን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ፋየርፎክስ ያንን አምስት ደቂቃ ያገኘው ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ የማንም ኩባንያ ንብረት ስላልነበረ ነው። ቋንቋው የጋራ ነው፤ ማንም ተነስቶ ብራውዘር መሥራት ይችላል። ለፎቶና ለመልእክትም እንዲህ ያለ የጋራ ነገር ቢኖር ሦስት ምሽት አትደክሚም ነበር።

ጠያቂው

እህቴ፣ የጻፍሽውን ለወንድሜ አነበብኩለት። ስልኬ ይበልጣል ስልክህ ይበልጣል የሚለውን አላነሳንም። «የእኔ ፎቶዎችስ ይወጡ ይሆን?» ነው ያለኝ። ቅዳሜ ሁለታችንም ፎቶዎቻችንን አውርደን በአንድ ዲስክ ልናስቀምጥ ተስማምተናል። ቀኖቹን መልሰሽ ያገናኘሽው በምን ነበር?

መልስ 3

ኤክሲፍቱል በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ከትንሿ ፋይል ቀኑን አንብቦ ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። በመጀመሪያ 20 ፎቶ ብቻ ወስዳችሁ ሞክሩ። ስማቸው የረዘመ ፎቶዎች ከፋይላቸው ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ፤ እነሱን ለብቻ አውጧቸው። ከማውረዳችሁ በፊት ስንት ፎቶ እንዳለ ጻፉ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ አሮጌው ቦታ ላይ ያለውን እንዳትነኩት።