«ምርጫው ራሱ ገደብ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ከታምፓ፦
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ የማከብራቸው አባት «የሥልጣን ዘመን ገደብ የሚያስፈልገው ለእኛ አገር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ምርጫው ራሱ ገደብ ነው» አሉ። ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። የምኖርባት ፍሎሪዳ የኮንግረስ አባላት ዘመን እንዲገደብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጉባኤ ይጠራልን ብላ እ.ኤ.አ. በ2016 ጠይቃለች፤ አላባማ በ2018 ተከትላለች። 34 ግዛቶች ከጠየቁ ኮንግረስ ጉባኤውን የመጥራት ግዴታ አለበት። በወንበሩ ላይ ያለ የተወካዮች ምክር ቤት አባል እንደገና ሲወዳደር ከመቶ ዘጠና በላይ የማሸነፍ ዕድል ባለበት አገር፣ ገደቡ የቱ ጋ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አባትየው ልክ ናቸው። የምፈልገውን ሰው ስም ከምርጫ ወረቀቱ ላይ የሚያነሣ ሕግ የሚገድበው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። የእናቴ የቪዛ ጉዳይ ተጓትቶ መላ ባጣሁ ጊዜ የተወካያችን ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሴት በስሜ መረጃ እንድትጠይቅ የፈቃድ ቅጽ አስፈረመችኝ፤ ለማን መጻፍ እንዳለባትም ማንንም ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ይህ ልምድ በሦስት የምርጫ ዘመን፣ በስድስት ዓመት፣ አይገኝም።

ከታምፓ፦
እህቴ፣ የረዳችሽ ሠራተኛዋ ናት። የሠራተኛ ዘመን ይገደብ ያለ የለም።

ከዳላስ፦
ግዛቶቹ ለምን ወደ ጉባኤ እንደ ሄዱ ሳይነገር መከራከሩ ደስ አይለኝም። በመጀመሪያ የሞከሩት በራሳቸው ሕግ ነበር። አርካንሳስ በ1992 ለተወካዮች ሦስት (እያንዳንዱ ሁለት ዓመት)፣ ለሴናተሮች ሁለት የምርጫ ዘመን ብላ ወሰነች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሻረው፤ ግዛት በሕገ መንግሥቱ በተጻፈው መስፈርት ላይ መጨመር አትችልም አለ። የሃያ ሦስት ግዛቶች ገደብ አብሮ ወደቀ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ፤ 227 ደግፈው 204 ተቃወሙ፤ ለማሻሻያ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ወደቀ። ስለዚህ ለግዛቶቹ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ጉባኤው። እኔ ግን ገደቡን እቃወማለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባቶቻችን ለከንቱ አልተናገሩትም። የመጨረሻ ዘመኑ መሆኑን ያወቀ ሰው የሚያስበው ሕዝቡን ሳይሆን ነገ የሚቀጥረውን ድርጅት ነው።

ከታምፓ፦
ይህን ተረት ልያዝልህ። አባቶቻችን የተናገሩት ሹመቱን እንደ ማዕድ ስለሚያይ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠው አይበላም ማለትህ ነው?

ከዳላስ፦
አይበላም አላልኩም። የሚቸኩለው የቱ ነው ነው ያልኩት።

ከታምፓ፦
የቸኮለ ቶሎ ይሄዳል። ያልቸኮለው ነው የከበደን።

ከአትላንታ፦
ስለ ተረት ትከራከራላችሁ፤ እኔ ስለ ሰው ልናገር። ጆን ሉዊስ ከ1987 እስከ ዕለተ ሞታቸው 2020 ድረስ ወረዳችንን ወክለዋል። ዋሽንግተን ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም እንዲሠራ ሕጉን በ1988 አቀረቡ፤ ሲወድቅ መልሰው፣ ሲወድቅ መልሰው፣ ያለፈው በ2003 ነው። በአርካንሳስ ልክ ቢሆን ኖሮ በ1993 መጀመሪያ ላይ ተሰናብተው ነበር። ልጄን ይዤ እዚያ ቤት ከምድር በታች ካለው ከባሪያ ንግዱ ክፍል ተነሥተን ወደ ላይ ስንወጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። ያን ቤት ለሠራ ትዕግሥት ስንት ዘመን ልትፈቅዱለት ነው?

ከታምፓ፦
ለእሳቸው ያለኝ ክብር ካንቺ አያንስም። ነገር ግን ሕግ በአንድ ደግ ሰው ልክ አይሰፋም። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አራት ጊዜ ቢመረጡ ነው በ1951 ለፕሬዚዳንቱ የሁለት ዘመን ገደብ የጸደቀው፤ እሳቸውንም ሕዝቡ ወዶ ነበር የመረጣቸው። ለፕሬዚዳንት ምርጫው በቂ ገደብ ካልሆነ ለሴናተር እንዴት ይሆናል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ፕሬዚዳንቱ አንድ ነው፤ ጦር ያዛል። ሴናተሩ ከመቶ አንዱ ነው። ጉባኤውስ? በ1787 ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት የነበረውን ስምምነት እንዲያሻሽሉ ተልከው አዲስ ሕገ መንግሥት ይዘው ወጡ። በዚህኛው ጉባኤ ድምፅ በግዛት ይሁን በሕዝብ ብዛት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አምስት አይናገርም። ሕዝቧ የበዛው ካሊፎርኒያና ሕዝቧ ጥቂት የሆነው ዋዮሚንግ እኩል ሊቆጠሩ ነው?

ከዳላስ፦
እንደሱ እንኳ ቢሆን 38 ግዛቶች ካላጸደቁት ወረቀት ነው። ጉባኤው አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ገደቡ ነው።

ከዲሲ፣ ባለ ታክሲ፦
የእናንተን ክርክር ሳነብ ሆዴ ተቃጠለ። እኔ እዚህ ከተማ ግብር እከፍላለሁ። ተወካያችን ኤሊነር ሆልምስ ኖርተን ከ1991 ጀምሮ ምክር ቤት ገብተዋል፤ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ የላቸውም። ከተማችን ግዛት ስላልሆነች ሴናተርማ ጭራሽ የለንም። «ያለ ውክልና ግብር» የሚለው ጽሑፍ በታርጋዬ ላይ አለ፤ ተሳፋሪ ሁሉ እያየው ይገባል። መጀመሪያ ይወከል፣ ከዚያ ይገደብ።

ከታምፓ፦
ጋሼ፣ ሁለቱ አይጣሉም። የእርስዎን ድምፅ የሚከለክሉት እነዚያው የማይነሡት ሰዎች ናቸው።

ከዲሲ፣ ባለ ታክሲ፦
ልጄ፣ ሰው ተቀያየረ፤ ታርጋው አልተቀየረም።

ከአትላንታ፦
«ለእኛ አገር ነው የሚያስፈልገው» ያሉትም መልስ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ርእሰ ብሔሩን ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይመረጥም ይላል። ሥልጣኑ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፤ ለእሱ ገደብ አልተጻፈም።

ከዳላስ፦
ፓርላማ ባለበት ሥርዓት እንግሊዝም አልጻፈችም። ያንን እዚህ አታምጪው።

ከአትላንታ፦
ያመጡት አባትየው ናቸው! እኔ መለስኩ እንጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የምርጫ ወረዳው የድንበር መስመር ይስተካከል ብትሉኝ እፈርማለሁ። ተወካዩን የሚያጸናው እሱ ነው።

ከታምፓ፦
መስመሩን የሚያሠምሩት እነማን ናቸው እህቴ? በአንቺው ግዛት በሜሪላንድ የፓርቲ ዕጩ በሚለይበት ቅድመ ምርጫ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው ለተወካይ ድምፅ መስጠት አይችልም። የመስመሩ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ቅድመ ምርጫውም ከተዘጋ በኋላ፣ ኅዳር ላይ የሚቀርብልሽን ወረቀት ነው «ራሱ ገደብ» የምትይው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አዎ። እሱኑ ነው የምለው። በመጨረሻው ቀን ብዕሩ በእጄ ነው።