ስብሰባ ላይ ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ሥራው ግን አይሠራም፤ ምን ላድርግ?

ማለዳ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የቡድን መሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ የምመራቸውም እስከ ትናንት አብረውኝ ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ሐሳብ ሳቀርብ የሚቃወመኝ የለም፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ግማሹ ሥራ አልተነካም። አንደኛው በዕድሜም በልምድም ይበልጡኛል፤ ቦታው ለእሳቸው ይገባ ነበር የሚሉም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ሌላውም ዝም ይላል። ልቆጣ ወይስ ልታገሥ?

የፈረቃ ኃላፊ፦
ቁጣውን ተይው፣ ዝምታውን ይብሱን ያጠነክረዋል። አለቃ ቀድሞ መፍትሔውን ከተናገረ ለሌላው የሚቀረው መስማማት ብቻ ነው። ችግሩን አቅርቢና የራስሽን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ተናገሪ። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ እያንዳንዱ በራሱ አፍ ይናገር።

አድማጭ፦
እኔ ትልቁን ሰውዬ ነው የማስቀድመው። ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ማሞካሸት አያስፈልግም፣ ወዲያው ይገባቸዋል። «ይህ ሥራ የት ላይ ሊሰናከል ይችላል ብለው ያስባሉ?» ብለሽ ጠይቂና ጻፊ። ሐሳባቸውን ከተጠቀምሽበት የእሳቸው መሆኑን በሁሉም ፊት ተናገሪ። ካልተጠቀምሽበት ግን ምክንያቱን ስብሰባ ላይ ከመስማታቸው በፊት አንቺው ንገሪያቸው። ሰው ሐሳቡ ውድቅ ስለሆነ ብቻ አያኮርፍም፤ የሚያስኮርፈው ጠይቀውት እንዳልተናገረ ሲቆጠር ነው።

ብራና፦
ጥያቄው የሁሉም ዝምታ ከሆነ አንድ ዘዴ ልጨምር። ጋሪ ክላይን የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስተዋወቀው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ጊዜው አልፏል፣ ሥራው ከሽፏል፤ ምን አከሸፈው?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል፣ ከዚያ በየተራ ይነበባል። እንከን መፈለጉ ራሱ የተሰጠ ሥራ ስለሚሆን አለቃን መቃወም አይመስልም።
ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለችው ተመራማሪ በሆስፒታል ቡድኖች ላይ ባደረገችው ጥናት ያገኘችውም እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስሕተት የሚመዘገብባቸው ሆነው ተገኙ። ለዚህ የሰጠችው ማብራሪያ የበለጠ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ መጥፎ ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሰው በመጀመሪያ የምትመልሽለት ቃል ትልቅ ነገር ነው። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብለሽ ጀምሪ፣ ጥያቄው ይደርሳል።

ደጀን፦
ሁላችሁም ስለ ዝምታ ነው ያወራችሁት፤ እኔ ግን ሥራው በዝቶባቸው እንዳይሆን እፈራለሁ። እምቢ ማለት የከበደው ሰው እሺ ብሎ ያስቀምጠዋል። አዲስ ሥራ ስትሰጪ «ይህን ለመጨረስ የትኛውን እናቆየው?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጡ ሰሌዳቸውን አብራችሁ ተመልከቱ። የዘገየውንም «ለምን አልጨረስክም?» ከማለት «ምን ያዘህ?» ማለት እውነቱን ቶሎ ያወጣዋል።

ማለዳ፦
ደጀን፣ ይህን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ሁለቱ በእርግጥም የሌላ ክፍል ሥራ ደርበው ይዘዋል። ግን ሁሉም መናገር ከጀመረ ውሳኔው አይጓተትም?

የፈረቃ ኃላፊ፦
ለይተሽ ያዢው። ነገ ሊቀየር የሚችለውን፣ ለምሳሌ የሥራ ቅደም ተከተልን፣ ለሚሠራው ሰው ተይለት፤ ስብሰባም አያስፈልገውም። ለመመለስ የሚያስቸግረውን፣ እንደ ቅጥር፣ ውል ወይም ለደንበኛ የሚገባ ቃል፣ ሁሉንም ሰምተሽ ራስሽ ወስኚ፤ የወሰንሽበትንም ምክንያት ንገሪያቸው። ሁሉም እስኪስማማ ድረስ አትጠብቂ።