አስቸኳይ፦ ሁሉም ገጽ «የደህንነት ሰርተፍኬቱ ችግር አለው» ይለኛል፤ አስተማማኙ ብሮውዘር የቱ ነው?

ግራ_ገባኝ፦
ወገን ድረሱልኝ። ከድሮ ጀምሮ የምጠቀመው ያቺን ሰማያዊ «ኢ»፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ነው። ዛሬ ጠዋት ኢሜይል ልክፈት ስል «የዚህ ድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፍኬት ችግር አለው» አለኝ። ሌላ ሞከርኩ፣ ያው። ሁሉም! መነሻ ገጹም ወደማላውቀው መፈለጊያ ተቀይሯል። እስከ ማታ የማስገባው ፎርም አለብኝ። «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚለውን ልጫን ወይስ ሌላ ብሮውዘር ልጫን? ቶሎ በሉ።

ፈጣኑ፦
ክሮም ጫን። አለቀ።

ሳቂታ፦
«ልጫን ወይስ ልጫን» ብለህ ጠይቀህ ምን ብለን እንመልስልህ? የመጀመሪያውን አትጫን፣ ሁለተኛውን ጫን።

መምህር_ባይት፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፤ የመጨረሻው እትም 11ኛው ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይ የሚሰጠውን ድጋፍ ጁን 15 ቀን 2022 አቋረጠ፤ በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ በአዲሱ ብሮውዘሩ በኤጅ አፕዴት አማካይነት ጭራሽ እንዳይከፈት አደረገው። ትልቁ ጣጣው አክቲቭኤክስ ነበር፤ ገጹ የሚያመጣው ትንሽ ፕሮግራም አንዴ ከተፈቀደለት የኮምፒውተሩ ባለቤት ያለው ሥልጣን ሁሉ ይኖረዋል። የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ገጾችን ለየብቻ አጥረው ነው የሚያስኬዱት፤ አንዱ ቢበከል ወደ ፋይሎችህ እንዳይሻገር። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» ማለት...

ሳቂታ፦
መምህር፣ ሰውዬው ማታ ፎርም አለበት። እኛ ገና 1995 ላይ ነን።

ፈጣኑ፦
ክሮም ብያለሁ።

ብሎን_ፈቺ፦
ቆይ፣ ጥያቄው ራሱ ተጣሟል። ብሮውዘሩን መቀየርህ ተገቢ ነው፤ ይህን ስህተት ግን ላያጠፋልህ ይችላል። አንድ ገጽ ብቻ ቢሆን ጥፋቱ የገጹ ነው እንል ነበር። የሁሉም ገጽ ሰርተፍኬት ባንድ ጠዋት አይበላሽም፤ የተበላሸው አንተ ጋ ነው። ሁለት ነገር ንገረን፦ ታች በቀኝ ጥግ ያለው ቀን ስንት ይላል? ዊንዶውስህስ ስንተኛው ነው? («ኮምፒውተር» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። 32 ወይም 64 ቢት መሆኑንም እዚያው ታያለህ።)

ግራ_ገባኝ፦
ዊንዶውስ 7፣ 64 ቢት። ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። ትናንት ባትሪውን አውጥቼ አጽድቼው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው። ግን የጠየቅኩት ስለ ብሮውዘር እንጂ ስለ ሰዓት አይደለም እኮ!

ሳቂታ፦
እንኳን ለ2009 አደረሰህ።

ብሎን_ፈቺ፦
ያው እሱ ነው። ሰርተፍኬት ማለት የገጹን ማንነት የሚያረጋግጥ መታወቂያ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የሚሰጡት ከ398 ቀን አይበልጡም። ማሽንህ 2009 ላይ ቆሞ ሲያያቸው ሁሉም ገና ያልተወለዱ ናቸው።

ሰዓቱ ላይ ክሊክ አድርገህ መጀመሪያ ቀኑን በእጅህ አስተካክል። ከዚያ «ኢንተርኔት ታይም» ውስጥ ገብተህ አፕዴት በል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው፤ ልዩነቱ ዓመታት ከሆነ ዊንዶውስ «ለደህንነት ሲባል አላመሳስልም» ብሎ እምቢ ይላል። ለማታው ፎርም ይህ ይበቃሃል።

ለዘለቄታው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይር፤ ዋናው ባትሪ ሲወጣ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ባብዛኛው ሲ አር 2032 ናት፤ ባለ 3 ቮልት፣ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር። ቻርጀሩን ነቅለህ፣ ዋናውን ባትሪ አውጥተህ ነው የምትከፍተው። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልላ ሁለት ሽቦና ሶኬት ያላት ትሆናለች፤ እንደዚያ ከሆነች ባለሽቦዋን ፈልግ፤ በራቁቷ ባትሪ ላይ ሽቦ ልበይድ እንዳትል።

ቁልፍ_ያዥ፦
@ፈጣኑ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም ከ109ኛው እትም አያልፍም፤ 110 ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ኤጅም እዚያው 109 ላይ ነው የቆመው። አሮጌ ክሮም መጫን አንዱን የተተወ ብሮውዘር በሌላ የተተወ መለወጥ ነው።

@ግራ_ገባኝ፣ ለአንተ የሚሆነው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው እትም። ለዊንዶውስ 7 የተቀመጠው ቀነ ገደብ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ ዝንተ ዓለም እንደሚራዘም ግን አትቁጠር። በሌላ ንጹህ ማሽን ከሞዚላ ገጽ ሙሉውን ባለ 64 ቢት ጫኝ አውርድና በፍላሽ አምጣው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ፋየርፎክስ የሚያምናቸውን ሰርተፍኬት ሰጪዎች ዝርዝር ራሱ ይዞ ይመጣል። አፕዴት ያላየ ዊንዶውስ ግን በአሮጌ ዝርዝር ነው የሚሠራው፤ ቀኑ ተስተካክሎም አንዳንድ ገጽ ሊያስቸግርህ ይችላል።

ከጫንክ በኋላ በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሥር «ኤችቲቲፒኤስ ኦንሊ»ን (ገጾችን በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ የሚከፍተውን) ለሁሉም መስኮት አብራ። ከኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ ከሚጨመሩት) ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን ብቻ ይበቃል። ፓስወርድ የምታስቀምጥበት ከሆነ «ፕራይመሪ ፓስወርድ» አድርግበት፤ አለዚያ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ፈጣኑ፦
እሺ፣ ፋየርፎክስ ጫን። አለቀ።

ብሎን_ፈቺ፦
አላለቀም። መነሻ ገጹ የተቀየረው በሰዓቱ አይደለም፤ አብሮ የገባ ነገር አለ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፕሮግራሞቹን በተጫኑበት ቀን ደርድርና የማታውቀውን አንኢንስቶል አድርግ። ቀጥሎ የብሮውዘሩ አዶ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ታርጌት»፤ መጨረሻው ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ተለጥፎ ካገኘህ አጥፋው። ብዙ ሰው ሴቲንጉን አሥር ጊዜ አስተካክሎ የሚሸነፈው እዚህች ጋ ነው። በመጨረሻ ኢንተርኔት ኦፕሽንስ፣ ኮኔክሽንስ፣ ላን ሴቲንግስ፤ ያላስገባኸው ፕሮክሲ (ግንኙነትህን በመሀል የሚያሳልፍ ሌላ ማሽን) ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ንቀለው። ክሮምም ፋየርፎክስም ካልነካካሃቸው የዊንዶውሱን ፕሮክሲ ነው የሚከተሉት፤ ብሮውዘር በመቀየር ብቻ አታመልጠውም።

«ቀጥል» የሚለውን ተጭነህ ፓስወርድ ያስገባህበት ገጽ ካለ ፓስወርዱን ቀይረው፤ ግን ከሌላ ማሽን፣ ወይም ይሄኛው ከጸዳ በኋላ።

ፔንግዊን፦
የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጃንዋሪ 14፣ 2020 ነው ያበቃው። በፈረሰ አጥር ላይ አዲስ በር ልትገጥሙ ነው? በዊንዶውሱ ምትክ ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ጫንና ተገላገል።

ቁልፍ_ያዥ፦
ልክ ነህ፣ ግን ዛሬ ማታ አይደለም። መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ውጭ ይገልብጥ።

ሳቂታ፦
ግራ_ገባኝ፣ ፎርሙ ገባ? ወይስ 2009 ላይ ቀረህ?

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ፣ እኔም ስልኬ ላይ ልክ እንደዚህ ነው የሚለኝ፤ የትኛውን ብሮውዘር ላውርድ?

ብሎን_ፈቺ፦
ቀኑ ስንት ይላል?